በስፌት የተደበቀ ኪሎ

እኛ ስፌት ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ሜትር» ነው የምንላት። የመለኪያው ሜትር ከአንገቷ አይወርድም። ምሳ ስትበላም፣ ታክሲ ስትጠብቅም፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ዘመድ ልትጠይቅ ሐኪም ቤት ስትሄድም ረስታው እንደተንጠለጠለ ነበር። ዐይኗ ራሱ ሜትር ነው። ሰው በሩ ላይ ቆሞ ገና ሰላም ሳይል ወገቡንም፣ ትከሻውንም፣ የክንዱንም ርዝመት አንብባ ትጨርሰዋለች። አስቁማ የምትለካው ለወጉ ያህል ነው። እኔ ከእሷ የስፌት መኪና ጀርባ ካውያዬን ይዤ እቆማለሁ፤ እሷ የሰፋችውን እኔ እተኩሳለሁ። ስለዚህ ስለ እሷ ሌላው ከሚያወራ እኔ ባወራ ይሻላል። ሌላው ሲያወራማ ሰምቻለሁ፤ ደሜ ነው የፈላው።

የሚሉት «ልጇን በረሃብ ልትገድላት ነበር» ነው። ልጅቷ ልትሞት ነበር፤ እሱን አልክድም። ግን ነገሩ እንደሚያወሩት አይደለም። እናት አትጨክንም ማለቴ አይደለም፤ የምትጨክን እናት አይቻለሁ። ይህቺ ግን ከመውደድ በቀር ሌላ ጥፋት አልነበረባትም፤ መውደዱን ነው ያላወቀችበት።

ልጅቷን ድንቡሼ ነው የምንላት። ስትወለድ ግን የእጅ መዳፍ የምታክል ነበረች። ጡት አልይዝ ብላ፣ ኪሎዋ አልጨምር ብሎ፣ ሜትር ጤና ጣቢያ እየተመላለሰች ሚዛኑ ላይ ባስቀመጧት ቁጥር ላለማየት ዐይኗን ትጨፍን ነበር። ያ ፍርሃት ከእናትየው ሳይወጣ ልጅቷ ግን ዳነች። ከዚያ ወዲያ አፏን በከፈተች ቁጥር የሆነ ነገር ይገባበታል። ስታለቅስ ወተት፣ ስትስቅ ብስኩት፣ ዝም ካለች ደግሞ «ምን ሆነች?» ተብሎ ሙዝ። እናትየው ወተት በኩባያ ይዛ በግቢው እየዞረች ታሳድዳታለች። «ይቺን ለአባዬ፣ ይቺን ለአያትሽ፣ ይቺን ደግሞ ለእትዬ» ትላለች። እትዬ እኔ ነኝ። እኔ በሌለሁበት በስሜ የተጠጣው ወተት ላም ያደርቃል።

አባትየው የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ወጣ ካለ ቶሎ አይመለስም፤ ሲመለስ ደግሞ ብስኩት በካርቶን ተሸክሞ ነው። ሰውየው ብዙ ማውራት አይችልበትም፤ ናፍቆቱን የሚናገረው በካርቶን ነበር። ልጅቷ ካርቶኑ ላይ ስትወጣ እያየ ይስቃል፣ ወዲያው እንቅልፍ ይጥለዋል። እንዲህ እንዲህ እያልን ድንቡሼ ወፈረች። እኛም ጉንጯን እየቆነጠርን፣ «ይቺ ልጅ እኮ ስታምር» እያልን ደስታችንን ቀጠልን።

ከዚያ የሜትር እናት ታመመች። ስኳር ነው። መጀመሪያ የእግሯ ጣት ተቆረጠ፣ ቀጥሎ እግሯ ሄደ፣ ከዚያ እሷም ብዙ አልቆየችም። ያኔ ሜትር መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የምትሰፋውን ሳታይ ስትሰፋ አይቻታለሁ። በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት ልጆቹን ሊመረምር የመጣ ሐኪም «የዚህች ልጅ ክብደት ከዕድሜዋ በላይ ነው፤ በቤተሰባችሁ ስኳር ያለበት ሰው አለ?» ብሎ ጠየቃት። ሜትር ያን ቀን ሥራ ስትገባ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«እትዬ» አለችኝ፣ «የእማዬ እግር ልጄ ላይ ታየኝ።»

«አታሟርቺባት» አልኳት። «ልጅ ናት፣ ትሮጣለች፣ ታድጋለች፣ ይጠፋል።»

አልሰማችኝም። ከማግስቱ ጀምሮ ያቺ ኩባያ ይዛ ስታሳድድ የነበረች ሴት የቁም ሳጥን ቁልፍ ገዝታ ገባች። ዳቦው ተቆለፈበት፣ ስኳሩ ተቆለፈበት። ሌላው ሰው ሩዝ ሲበላ ለድንቡሼ ሾርባ ብቻ ይቀርብላታል፤ ያውም በትንሽ ሳህን። «ይበቃሻል» የሚለው ቃል በዚያ ቤት ከሰላምታ በላይ ይነገር ጀመር። እንግዳ ፊት «አንቺ አትንኪው» ትባላለች። ልጅቷ ምን አጠፋች? ትናንት ሳህኑን ስትጨርስ ይጨበጨብላት ነበር፤ ዛሬ እጇን ስትዘረጋ እጇ ይመታል። ትልቅ ሰው ቢሆን ያብዳል።

ልጅቷ ግን አላበደችም፤ ሌባ ሆነች። ትራስ ውስጥ የብስኩት ወረቀት ተገኘ። ከጎረቤት ልጆች ዳቦ እየለመነች መብላት ጀመረች። ሜትር ደግሞ ስትይዛት ትጮሃለች፣ ጮኻ ስትጨርስ ታለቅሳለች፣ ስታለቅስ አዝናላት ቁም ሳጥኑን ትከፍትላታለች። በማግስቱ እንደገና ይቆለፋል። እኔ ቤታቸው ስሄድ ሁልጊዜ ከሁለቱ አንዷ ዐይኗ አብጦ ነው የማገኛት። ኪሎው ደግሞ ጠብ አላለም።

የሆነው ነገር የመጣው በዚህ መሐል ነው። የልጅቷን ዩኒፎርም የሰፋችው ሜትር ራሷ ናት። የልጅ ልብስ ስትሰፋ በሁለቱም ጎን ውስጥ ሰፋ ያለ ትርፍ ጨርቅ ትተዋለች፣ ልጅ ያድጋልና። ያን ጊዜ ቀሚሱ ወገቡ ላይ ጠብቦ፣ ዚፑ አልወጣ ብሎ፣ ልጅቷ በየጠዋቱ እያለቀሰች ነበር ትምህርት ቤት የምትሄደው። አንድ ቅዳሜ ሜትር ቀሚሱን ይዛ ስፌት ቤት መጣች። የጎኑን ስፌት ፈታች፣ ትርፉን ለቀቀችና እንደገና ሰፋችው። አሮጌው ስፌት የነበረበት ቦታ መስመር ስለሚተው እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋ በእኔ ካውያ ደህና አድርጋ ተኮሰችው። መስመሩ ጠፋ። ምንም ልትደብቅ አስባ አልነበረም፤ ሥራዋ ስለሆነ ነው። የተለቀቀ ልብስ የተለቀቀ መምሰል የለበትም።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ቀሚሱን ስትለብስ ዚፑ ያለምንም ትግል ሽቅብ ወጣ። ወገቧ ላይ እጇን ብታስገባ ይገባል። መስታወቱ ፊት ዞር ዞር ብላ፣ ሜትር እንደነገረችኝ ፊቷ እንደ መብራት በርቶ «እማዬ፣ ከሳሁ እንዴ?» አለቻት።

ሜትር እውነቱን ልትነግራት አፏን ከፍታ ነበር። ግን ያን ፊት ከስንት ጊዜ ወዲህ አላየችውም። «አዎ» አለቻት። «ከስተሻል የኔ እመቤት።»

ልጅቷ ያን ቀን እየዘለለች ሄደች። ማታ ለራት ከቀረበላት ግማሹን መለሰች፤ ማንም ሳይቆልፍባት፣ ማንም ሳይጮህባት። ሜትር በማግስቱ ሥራ ስትገባ እየሳቀች ነው። «እትዬ፣ መድኃኒቱን አገኘሁት» አለችኝና ነገሩን አጫወተችኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ዐይን ያወጣ ውሸት እኮ ነው» አልኳት።

«ማንን ጎዳ?» አለችኝ። «ጩኸት የለ፣ ልቅሶ የለ፣ ቁልፉን እንኳን ጥዬዋለሁ።»

እውነት ለመናገር እኔም ማንን እንደሚጎዳ አልታየኝም። ካውያዬን ሳትጠይቀኝ በመንካቷ ተቆጣሁ፣ እዚያው አለፈ።

ከዚያ በኋላ ሜትር ነገሩን ሙያ አደረገችው። ልጅቷ ተኝታ ሳለች ሜትሩን ወገቧ ላይ ታዞርና፣ አንዳንድ ቅዳሜ ቀሚሱን ለልጅቷ «በሳሙና ልጠበው» ብላ ይዛ ትመጣለች፤ ጎኑን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ለቀቅ ታደርገዋለች። አንድ ጊዜ ብዙ ብትለቅ ልጅቷ ትነቃባታለች። ድንቡሼ ሰኞ ስትለብሰው «እማዬ፣ ደግሞ ከሳሁ» ትላለች። በዚያው ልክ የምትበላው ይቀንሳል። ቁርስ ቀረ። ምሳዋን ለጓደኞቿ ማካፈል ጀመረች። በየደረጃው መውጣትና መውረድ፣ በየግቢው መሮጥ። አባትየው ከመንገድ ሲመለስ «ይቺ ማን ናት? ልጄን የት አደረጋችኋት?» ብሎ ሲቀልድ፣ ልጅቷ ካርቶኑን ሳትነካው አጠገቡ ተቀምጣ ዋለች። እሱም ደስ ብሎት ብስኩቱን ለጎረቤት አከፋፈለው።

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ልጅቷ በትምህርቷ ጎበዝ ናት፤ ማንም ትዝ ብሎት «ጎበዝ» ብሏት አያውቅም። ስዕል ትስላለች፤ ማንም አላየላትም። ስትከሳ ግን ሰፈሩ በሙሉ ዐይን አበቀለ። ባለሱቁ «ሸንቀጥ አልሽ» ይላታል፣ መምህሯ ክፍል ውስጥ ያሞግሷታል፣ እኔም አፌን ሞልቼ «አማረብሽ» ብያታለሁ። እንግዲህ ልጅ ምን ትማር? ባልበላች ቁጥር ሰው እንደሚወዳት ተማረች።

አንድ ቀን ውሸቱ እውነት ሆነ። መቼ እንደሆነ ሜትርም አታውቀውም። ቀሚሱን መልቀቅ ካቆመች ከርማ ነበር፤ መለቀቅ የሚያስፈልገው ነገር ስላልነበረ። ልብሱ በራሱ ይሰፋታል። የሰው ሁሉ ወገብ ከሩቅ የሚታያት ሴት የልጇ አልታያትም። ዐይኗ ሥራውን ትቶ አልነበረም፤ እሷ ናት ማመን የፈራችው። ልጅቷ ፀጉሯ ይነቃቀል ጀመር። በሙቀት ሹራብ ደርባ ትቀመጣለች። ጉንጯን ልቆነጥር እጄን ስዘረጋ የሚቆነጠር ነገር አጣሁ፤ እጄን መለስኩት።

ሜትር አንድ ምሽት በግልጽ ለካቻት። ሜትሩን አንብባ አላመነችም፣ ደግማ ለካች። ከዚያ ምግብ ታቀርብላት ጀመር። እንቁላል፣ ወተት፣ ድንች፣ ልጅቷ ድሮ የምትሰርቀው ብስኩት ሳይቀር። «አንድ ጊዜ ብቻ ቅመሺልኝ» እያለች ስትለማመጥ ድንቡሼ በጣም ረጋ ብላ መለሰችላት።

«አንቺ አይደለሽ አትብዪ ያልሽኝ?»

«እሱ ድሮ ነው፣ የኔ እመቤት። አሁን ከስተሻል፣ በቃ።»

«ከበላሁ እኮ ይመለሳል» አለቻት።

ሜትር የምትገባበት ጠፋት። ባሏ ስልክ ደውሎ «ልጅ ነች፣ ሲርባት ትበላለች» ይላታል። ጎረቤቶቿ «ኧረ ተዪያት፣ ሰው የሚያወራው ቀንቶ ነው እንጂ አምሮባታል» ይሏታል። እኔም ሐኪም ቤት ውሰጃት እላታለሁ፤ እሺ ትለኛለች፣ ቅዳሜ እወስዳታለሁ ትላለች። ግን ሐኪሙ «እንዴት ጀመረ?» ብሎ ቢጠይቃት ምን ትመልሳለች? እሱን እያሰበች ቀኑን ትገፋዋለች።

ዋናው ጥፋት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱን ደግሞ ልብስ ሰፊ ያልሆነ ሰው አያጠፋውም። ጠዋት ሰልፍ ላይ ርዕሰ መምህርቷ ድንቡሼን አስቁመው «እናትሽ ልብስ ሰፊ አይደለችም እንዴ? ይሄ ቀሚስ ነው ወይስ ጆንያ?» አሏት። ድንቡሼ ቤት ስትገባ ይህን እየሳቀች ነው የተናገረችው። ጆንያ መባሉ ለእሷ ሽልማት ነው። ለእናትየው ግን ውርደት ነው። የሰው ልጅ ስታለብስ ኖራ የራሷ ልጅ ጆንያ ለበሰች ስትባል፣ ያውም በሰልፍ ላይ፣ የሙያ ሰው ብቻ የሚያውቀው እፍረት ነው። ሌላም ነገር አሰበች። ልክ ልኳን ብትለብስ ያን ያህል የከሳች አትመስልም፤ ሰው ማውራቱን ያቆማል፤ ልጅቷም መስታወት ስታይ ሰው መስላ ትታያታለች፣ ምናልባት ትረጋጋለች።

ቅዳሜ ቀሚሱን አመጣችው። ጎንና ጎኑን ፈታች፣ ወገቡን አጠበበች፣ ትከሻውን አነሳች፣ ደረቱን ሰበሰበች። አቤት ስትሰፋ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ሠርታ አይቼ አላውቅም። እኔ ነኝ የተኮስኩት፤ አሮጌውን መስመር እንዳይታይ አድርጌ። የልጅቷ ወገብ ምን ያህል እንደሆነ ቀሚሱ ላይ ሳየው ካውያው እጄ ላይ ከበደኝ። «ንገሪያት ግን፣ እንዳጠበብሽው ንገሪያት» አልኳት። «እነግራታለሁ» አለችኝ።

አልነገረቻትም። ሰኞ ጠዋት ተቻኩለው ነበር። ቀሚሱ ተተኩሶ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ልጅቷ አነሳችው፣ ለበሰችው። ዚፑ ወገቧ ላይ ሲደርስ ያዝ አደረገ። ልክ ነበር፤ ልክ ልኳን። ድንቡሼ መስታወቱ ፊት ቆማ ወገቧ ላይ እጇን ልታስገባ ሞከረች፤ አልገባም። ሜትር በኩሽና በር በኩል አይታት «አማረብሽ» አለቻት። ልጅቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ነገር አልበላችም። የምትበላ ስለምታስመስል ግን ለዐይን አይታይም ነበር። ዳቦውን በድብቅ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፣ እንቁላሉን በሶፍት ትጠቀልላለች፣ ወተቱን ማጠቢያው ውስጥ ትደፋለች። ሜትር «ትበላለች፣ ሳህኗ ባዶ ነው» ትለኝ ነበር፤ ድምጿ ውስጥ ተስፋ ነበረበት። ከዚያ አንድ ጠዋት ልጅቷ ቦርሳዋን ቤት ረስታ ሄደች፤ ሜትር ደብተሯን ልታወጣ ከፈተችው። ዳቦው ሻግቷል፣ እንቁላሉ ሸቷል። ገና እሱን ይዛ ኩሽና ውስጥ ቆማ ሳለ ነው ከትምህርት ቤት የተደወለው። ድንቡሼ ሰልፍ ላይ ወድቃለች።

ስልኩን ዘግታ ለእኔ ደወለች። ሐኪም ቤት የደረስነው እኩል ነው። ልጅቷ አልጋ ላይ ተዘርግታ፣ ግሉኮስ ክንዷ ላይ ተሰክቶ፣ ክንዷን ግን ከመርፌው ለይቶ ማየት ያስቸግር ነበር። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ለሜትር የልቧን ምት፣ የደሟን ነገር እየነገረቻት «ለዚህ ዕድሜ ይህ በጣም አስጊ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብላ በቀስታ «ምግብ ያቆምሽው ለምንድን ነው?» አለቻት።

«ወፍሬ ነዋ» አለች ድንቡሼ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ቀሚሴ ጠበበኝ።»

ሜትር ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ሐኪሟ ምንም አልገባትም፤ እኔ ግን ገባኝ።

ሜትር ያን ዕለት ከነገረችው በላይ ምን ማድረግ እንደምትችል አላውቅም። ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ልብሷን ሲቀይሯት ያወለቁትን ዩኒፎርም ጭኗ ላይ ዘረጋች፣ ከቦርሳዋ መቀሷን አወጣች፣ የጎኑን ስፌት ልጅቷ ፊት ፈታችው። ትርፉ ጨርቅ ወጣ፤ አምስት ጣት ይሞላል። አሮጌዎቹን የመርፌ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ አሳየቻት።

«ይኸው። እኔ ነኝ ያጠበብኩት። አንቺ አልወፈርሽም። ከስተሽ ከስተሽ ልብሱ ወልቆ ሊወድቅ ስለደረሰ ነው ያጠበብኩት፣ የኔ እመቤት። ሳልነግርሽ ነው ያጠበብኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ድንቡሼ ቀዳዳዎቹን ብዙ ጊዜ ወስዳ አየቻቸው። ልጅቷ ሞኝ አይደለችም። ከአንዱ ረድፍ አልፎ ሌላ ረድፍ፣ ከእሱም ወዲያ ሌላ ረድፍ አለ።

«እነዚህስ?» አለች።

ሜትር መቀሷን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች።

«ያኔ ስከሳስ? ሰኞ ሰኞ ሲሰፋኝስ?»

ልዋሽ ብትል ትችል ነበር። እኔ በበኩሌ ያን ጊዜ ብትዋሽ እመርጥ ነበር። «ያኔም እኔ ነኝ» አለቻት። «መጀመሪያ አካባቢ አልከሳሽም ነበር። ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ አሁን መክሳቴን በምን አውቃለሁ?» አለች።

«በሚዛን። ሐኪሟ መዝናሽ የለ?»

«የሚዛኑንም ቁጥር እንዲቀንሱት ነግረሻቸው ቢሆንስ?»

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሜትር እጇን ዘርግታ ትከሻዋን ብትነካት ልጅቷ ትከሻዋን ሰበሰበች። በሕይወቴ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንዲህ ልቤን የሰበረው ግን የለም።

ከዚያ ወዲያ ከእናቷ እጅ ውኃ እንኳን አልቀበልም አለች። ሾርባ ሲቀርብላት «ምን ጨመርሽበት?» ትላለች። ሜትር ራሷ ቀምሳ ታሳያታለች፣ አይሆንም። እኔ ስሰጣት «እትዬ፣ አንቺም ተኩሰሽዋል» አለችኝ፤ ሳህኑን መልሼ አስቀመጥኩት። አባትየው ከመንገድ እየበረረ መጣ፣ ያቺኑ ካርቶን እንደ ታቀፈ በሩ ላይ ቆሞ ልጁን ሲያያት ካርቶኑን መሬት አስቀምጦ እላዩ ላይ ተቀመጠ። ኮሪደር ላይ ሲወጣ ሚስቱን «አንቺ ነሽ የገደልሽኝ» አላት። እሷ ደግሞ «አንተስ የት ነበርክ?» አለችው። ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያይ ድረስ ተጯጯሁ። «ልጅቷ ትሰማለች» አልኳቸው፤ ሁለቱም እንደ ተቀጣ ተማሪ ዝም አሉ። እሱ ደረጃው ላይ ሄዶ ተቀመጠና ጭንቅላቱን ያዘ።

ግሉኮሱ ነው ያቆያት። ሐኪሟ ግን በአፏ ካልበላች ግሉኮሱ ሩቅ እንደማያስኬድ፣ በአፍንጫዋ ቱቦ ለማስገባት እንደሚገደዱ ነገረችን። ከዚያ ለሜትር «እናት፣ እርስዎ ባይኖሩ እስቲ እንሞክር» አለቻት። ቃሏ ለስላሳ ነበር። ቢሆንም ሰማይ የተደፋባት ያህል ነው የሆነችው። ልጅሽን ለማዳን ካጠገቧ ጥፊ መባል ምን ይባላል? ግን ተነስታ ወጣች። በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቷል፤ እኔና እሷ ከበሩ ኋላ ግድግዳ ተደግፈን ቆምን።

የገቡት ነርስ በዕድሜ የገፉ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰውዬ ናቸው። አላባበሏትም። ሾርባውን አጠገቧ አስቀመጡና ባዶውን አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። ድንቡሼ ሳህኑን አይታ ጠየቀች።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«ወጥ ቤቱ። ለሁሉም ታካሚ አንድ ድስት ነው።»

«እማዬ ነክታዋለች?»

«አልነካችም።»

«የት ነች?»

ሰውዬው አንሶላውን እየጎተቱ ሳይጨነቁ «ወደ ቤት ሄዳለች» አሉ።

ልጅቷ ራሷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ «መስኮቱን ይክፈቱልኝ» አለች። «የግቢው በር በዚያ በኩል ይታያል። ስትወጣ ላያት።»

ነርሱ ማንጠፉን አቆሙ። ወደ በሩ ሲያዩ ከእኔ ጋር ዐይን ለዐይን ተገጣጠምን። እኔ የሜትርን እጅ ይዤ በሹክሹክታ «ኮሪደሩ ጥግ ላይ ተቀመጪ፣ አታይሽም፤ ቅድም ሄዳለች፣ አመለጠሽ ይሏታል» አልኳት።

«አይ እትዬ» አለችኝ። «ሄዳለች ተብላለች፤ ደግሞ ሌላ ውሸት አይሆንም።»

እጇን ከእጄ አላቀቀች። ቦርሳዋን አነሳች፤ ባሏ የተቀመጠበትን ደረጃ በአጠገቡ አልፋ ወረደች፣ እሱን እንኳን አላናገረችውም። እኔ በሩ ክፍተት ላይ ቀረሁ። ነርሱ መስኮቱን ከፍተው ልጅቷን ከአልጋው ቀና አደረጓት። ከታች ግቢው ውስጥ ሜትር ስትሄድ ታየች። በሩ ጋ ስትደርስ ዘበኛው የሆነ ነገር አላት፤ አንገቷን ነቀነቀችለት። ወደ ኋላ አልዞረችም፤ መዞር እንደፈለገች ከትከሻዋ ያስታውቅ ነበር። ከበሩ ወጥታ ወደ ታክሲው መቆሚያ ታጠፈችና አጥሩ ጋረዳት።

ድንቡሼ አጥሩን ለትንሽ ጊዜ ስታይ ቆየች። ተመልሳ እንደማትመጣ ስታረጋግጥ «መስኮቱን ይዝጉት» አለችና ሾርባውን ወደ ራሷ ሳበችው። ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ የሰማሁት እኔ ነኝ። እናትየው መንገድ ላይ ነበረች።